የእርጅና ምርምር ዜና ሲደርሰን፦ ወደ አረጋውያን ቤት ከመግባቱ በፊት እንዴት እንደሚመዘን

ባለፈው ክረምት ደሴ ቧንቧ ውሃ አካባቢ የሚኖሩ አክስቴ ዘንድ ቡና ልጠጣ ገብቼ፣ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ሁለት ዕቃ ጎን ለጎን ተቀምጦ አየሁ። አንደኛው ለ11 ዓመት ሲወስዱት የኖሩት የደም ግፊት ክኒን ሲሆን ከወር በፊት ከተገዛው ውስጥ የጎደለው ሦስት ፍሬ ብቻ ነበር፤ ሌላው ልጃቸው ከጅዳ የላከላቸው፣ እርጅናን ወደ ኋላ ይመልሳል የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት የእንክብል ጠርሙስ ነው። «እትዬ፣ የግፊቱን ለምን ተዉት?» ስላቸው፣ «ይሄኛው ከሥሩ ነው የሚያድስ ብሎ ነው የላከልኝ ልጄ፤ ፈረንጆቹ ገና አሁን ነው ያገኙት አሉ» ብለው ስልካቸውን አምጥተው ቪዲዮውን አሳዩኝ። በማግስቱ ግፊታቸው ሲለካ 178 በ102 ሆነ።

ልጁ ክፉ አላሰበም፤ ከደመወዙ ቀንሶ ለእናቱ ዕድሜ የገዛ መስሎት ነው። እናቱም ቢሆኑ ልጃቸው የላከውን ማመናቸው የሚያስወቅስ አይደለም። እኔ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ባዮሎጂ ሳስተምር ብዙ ዓመት የቆየሁ ሰው ነኝና ይበልጥ ያሳዘነኝ፣ የህዋስን ክፍሎች በቃላቸው ያስጠናናቸው ልጆች አንድ የምርምር ዜና ሲደርሳቸው ምን ብለው መጠየቅ እንዳለባቸው ሳናስተምራቸው መቅረታችን ነው። ይህን መመሪያ የጻፍኩት በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ አረጋዊ እናት ወይም አባት የሚጦሩ ልጆች፣ በስልካቸው የሚመጣውን ዜና ወደ መድኃኒት ከመለወጣቸው በፊት በምን በምን ሊመዝኑት እንደሚችሉ ለማሳየት ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታትና ቀናት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በማን ላይ ነው የተሞከረው?

መጀመሪያ የሚጠየቀው ይህ ነው፤ ብዙ ጊዜም ከዚህ አልፎ መሄድ አያስፈልግም። ስለ እርጅና የሚወጡ ግኝቶች አብዛኞቹ የሚጀምሩት በእርሾ፣ በጥቃቅን ትሎች፣ በዝንብና በአይጥ ላይ ነው፤ ምክንያቱም አይጥ በሁለትና በሦስት ዓመት አርጅታ ስለምትሞት ተመራማሪው ውጤቱን ቶሎ ያያል፣ በሰው ላይ ግን ያንኑ ለማየት የተመራማሪው የራሱ ዕድሜ አይበቃም። ሥራው የተከበረ ሥራ ነው፤ ያለ እሱም ወደ ሰው የሚደርስ ነገር አይኖርም። ሆኖም በአይጥ ላይ የታየን ውጤት ለሰው እንደተገኘ መድኃኒት አድርጎ ማውራት፣ ከኮምቦልቻ የተነሳ መኪና ሐረጎን ሳይወጣ ደሴ ገብቷል ብሎ እንደማውራት ነው፤ ዳገቱ ገና ነው፣ ከተነሱትም ብዙዎቹ መንገድ ላይ ይቀራሉ።

በየጾሙ ወቅት የሚዞረውን አንድ ወሬ ለምሳሌ ልውሰድ። ጾም ያረጀ ህዋስን እንደሚያጸዳ ያረጋገጠ ጃፓናዊ የኖቤል ሽልማት ተሸለመ የሚለው ጽሑፍ በረመዳንም ሆነ በዐቢይ ጾም ሳይደርሰኝ ቀርቶ አያውቅም። ዮሺኖሪ ኦሱሚ በ2016 የኖቤል ሽልማት ማግኘታቸው እውነት ነው። የተሸለሙበት ሥራ ግን በዳቦ እርሾ ላይ የተሠራ ነው፤ እርሾው ምግብ ሲያጣ የገዛ ራሱን ክፍሎች በቀጭን ከረጢት ጠቅልሎ ወደ መፍጫው ክፍል እየወሰደ ፈትቶ መልሶ እንደሚጠቀምባቸው በማይክሮስኮፕ አዩ፣ ሂደቱን የሚያዙትንም ጂኖች ለይተው አወጡ። ይህ አውቶፋጂ የሚባለው ሂደት በሰው ህዋስ ውስጥም አለ። ሰው ስንት ሰዓት ሲጾም፣ በየትኛው የአካሉ ክፍል፣ በምን ያህል መጠን እንደሚጨምር ግን ያ ሥራ አልለካም፤ ስለ ስኳር ሕመምተኛ ጾምም የተናገረው ነገር የለም። ጾም የእምነት ጉዳይ ስለሆነ ለመጾም የእርሾ ምስክርነት አያስፈልገንም። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን የስኳር ክኒን የሚወስዱ አባት ግን በዚህ ጽሑፍ ተማምነው፣ ሐኪማቸውን ሳያማክሩ የጾሙ እንደሆነ ስኳራቸው በድንገት ወርዶ ራሳቸውን ሊስቱ ይችላሉ። ስለዚህ ጾሙ ከመግባቱ በፊት፣ ለታመመ ሰው ያለውን ፈቃድ ከሼሁ ወይም ከንስሐ አባት ጋር፣ የመድኃኒቱን መጠንና ሰዓት ደግሞ ከሐኪሙ ጋር መነጋገር ይገባል።

በአክስቴ ጠርሙስ ላይ በትንንሽ ፊደል የተጻፈው ዋናው ንጥረ ነገር ሬዝቬራትሮል ይባላል፤ በቀይ ወይን ፍሬ ልጣጭ ውስጥ የሚገኝ ነው። በ2006 የወጣ ጥናት፣ ስብ የበዛበት መኖ እየበሉ የወፈሩ አይጦች ይህን ሲወስዱ ካልወሰዱት አቻዎቻቸው የተሻለ ዕድሜ እንደኖሩ አሳየ። ዜናው ዓለምን አዳረሰ፤ በ2008 አንድ ግዙፍ የመድኃኒት ኩባንያ በዚሁ ዘርፍ ይሠራ የነበረን ትንሽ ኩባንያ በ720 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። ከዚያ በኋላ ጤናማ መኖ በሚመገቡ፣ ባልወፈሩ አይጦች ላይ ሙከራው ሲደገም ዕድሜ ሲጨምር አልታየም። እንግዲህ አክስቴ የግፊት ክኒናቸውን የተዉለት ነገር፣ በወፈረች አይጥ ላይ ታይቶ በጤናማዋ አይጥ ላይ የወደቀ ነው።

ራፓማይሲን ከዚህ የሚለይ ታሪክ አለው። ይህ መድኃኒት ከፓስፊክ ውቅያኖስ ደሴት አፈር ውስጥ ከተገኘ ባክቴሪያ የተቀመመ ሲሆን፣ በ2009 በአሜሪካ ሦስት ቤተ ሙከራዎች ዕድሜያቸው 600 ቀን ለሞላ፣ ማለትም ለአረጁ አይጦች ተሰጥቶ የሴቶቹንም የወንዶቹንም ዕድሜ አራዝሟል፤ ከዚያም ወዲህ በተደጋጋሚ በአይጥ ላይ ተረጋግጧል። እዚህ ላይ አንባቢው ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ። የቤተ ሙከራ አይጦች በብዛት የሚሞቱት በካንሰር ነው፤ ስለዚህ የዕጢን እድገት የሚያዘገይ መድኃኒት ሁሉ የአይጥን ዕድሜ ሊያራዝም ይችላል፣ እርጅናን ራሱን ባይነካውም። እኛ ሰዎች ደግሞ ይበልጥ የምንሞተው በልብና በደም ሥር በሽታ ነው። በዚያ ላይ ራፓማይሲን በሕክምና የሚታወቀው ኩላሊት የተተከለላቸው ሰዎች ሰውነታቸው አዲሱን ኩላሊት እንዳይገፋ የበሽታ መከላከያ አቅምን የሚያዳክም መድኃኒት ሆኖ ነው፤ በንጹሕ ሳጥን ውስጥ የምትኖር አይጥ ይህን ጉዳት ላታውቀው ትችላለች፣ ቲቢ ባለበት አገር የሚኖር አዛውንት ግን ዋጋ ሊከፍልበት ይችላል።

ለሰው ይበልጥ የሚቀርበው ዜና በ2024 ከቻይና የወጣው ነው። ለስኳር ሕመም የሚታዘዘው ሜትፎርሚን ማካክ ለሚባሉ ጥቂት አረጋውያን ወንድ ጦጣዎች ለ40 ወራት ተሰጥቶ፣ በህዋሳት ላይ በሚሰላ የዕድሜ መለኪያ መሠረት አንጎላቸው ወደ ስድስት ዓመት ገደማ ወጣት ሆኖ ተገኘ። ጦጣ ከአይጥ ይልቅ ዘመዳችን ነውና ዜናው ቀላል አይደለም። ነገር ግን የታየው የመለኪያው ለውጥ እንጂ የዕድሜ መርዘም አይደለም፣ የእንስሳቱም ቁጥር ጥቂት ነው። በሌላ በኩል በ2019 በወጣ ሙከራ፣ ስኳር የሌለባቸው ከ65 ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎች ለ14 ሳምንት ክብደት የማንሳት ልምምድ ሲሠሩ፣ ሜትፎርሚን የወሰዱት መድኃኒት አልባ ክኒን ከወሰዱት ያነሰ ጡንቻ ገነቡ። ስኳር የሌለባቸው ሰው ከጎረቤት ሜትፎርሚን ተበድረው የሚወስዱበት ሁኔታ ካለ ይህን ቢያውቁት መልካም ነው፤ ስኳር ላለባቸው ግን መድኃኒቱ ከቀዳሚዎቹ አንዱ እንደሆነ ይቀጥላል፣ ይህን አንብቦ የሚያቋርጥ እንዳይኖር አደራ እላለሁ።

ምን ተለካ፣ ከማን ጋርስ ተነጻጸረ?

ጥናቱ በሰው ላይ ከተሠራ ቀጥሎ የሚጠየቀው፣ ሰዎቹ በዕጣ ተከፍለው ነው ወይስ ራሳቸው መርጠው ያደረጉትን ተመራማሪው ቆጥሮ ነው የሚለው ነው። ልዩነቱን ለመረዳት ክትባትን እንውሰድ። ክትባት የወሰዱ አረጋውያን ካልወሰዱት ያነሰ የመርሳት በሽታ ያዛቸው ቢባል፣ ምክንያቱ ክትባቱ ላይሆን ይችላል፤ ቀድሞውንም ለጤናው የሚጠነቀቅ፣ እግሩ የጸና፣ የሚያደርሰው ልጅ ያለው ሰው ነውና ወደ ክትባቱ የሚሄደው። ለዚህ ነው ሳይንስ ዕጣን የሚያከብረው፤ ዕጣ ሀብታሙንና ድሃውን፣ ጠንቃቃውንና ቸልተኛውን ለሁለቱም ወገን ያካፍላል።

በዌልስ የሆነው እጅግ ያስደንቀኛል። አልማዝ ባለጭራ የምንለውን በሽታ የሚከላከለው ክትባት በመስከረም 2013 መሰጠት ሲጀምር፣ መስከረም 2 ቀን 1933 ወይም ከዚያ በኋላ የተወለዱት እንዲከተቡ ተፈቀደላቸው፤ ከዚያ ዕለት ቀድመው የተወለዱት ግን ለዘለቄታው ቀሩ። የልደት ቀናቸው በጥቂት ሳምንታት ብቻ የሚለያይ ሰዎች በጤናም ሆነ በኑሮ የሚለዩበት ምክንያት ስለሌለ፣ መንግሥት ሳያስበው ዕጣ አወጣላቸው ማለት ነው። ተመራማሪዎች ከ280 ሺህ በላይ የሚሆኑ አረጋውያንን የሕክምና መዝገብ መርምረው በ2025 ባወጡት ጥናት፣ በሰባት ዓመት ውስጥ ክትባቱ አዲስ የመርሳት በሽታን በአንድ አምስተኛ ያህል እንደቀነሰ አገኙ። ይህ ከሰማኋቸው የቅርብ ዓመታት ግኝቶች ሁሉ ተስፋ የሰጠኝ ነው፤ ቢሆንም የተጠናው በዚያ ዘመን በዌልስ ይሰጥ የነበረው ክትባት ስለሆነ፣ ሌላው ዓይነት ክትባት ያንኑ ያደርጋል ብሎ ከወዲሁ መደምደም አይቻልም።

ሦስተኛው ነገር ቁጥሩ ነው። «በ25 በመቶ ይቀንሳል» የሚል ዜና ሲመጣ፣ ከስንቱ ላይ ነው የሚቀንሰው ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። በ2015 በአሜሪካ ውጤቱ የታወቀው ትልቁ የደም ግፊት ሙከራ ከ50 ዓመት በላይ የሆኑ 9,361 ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ፣ የአንደኛውን ወገን የላይኛ ግፊት ከ140 በታች፣ የሌላውን ከ120 በታች ለማድረግ ሠራ። ከ120 በታች እንዲሆን የተሠራላቸው ወገኖች የልብና የስትሮክ አደጋቸው በ25 በመቶ ቀነሰ ተባለ። በተራ ቆጠራ ሲነገር በዓመት ከመቶ ሰው ሁለት ያህል ይደርስ የነበረው፣ በትክክል 2.19፣ ወደ 1.65 ወረደ ማለት ነው። ሁለቱም አነጋገር እውነት ነው፤ ለመወሰን የሚጠቅመው ግን ሁለተኛው ነው፤ በተለይ ግፊታቸው ከልክ በላይ የወረደና ራሳቸውን የሳቱ ሰዎችም በዚያው ወገን በርክተው ስለታዩ። ቅዝቃዜ ባለበት ጠዋት የደሴን ቁልቁለት በምርኩዝ ለሚወርዱ አያት ራስን ስቶ መውደቅ ቀላል ነገር አይደለም፤ ስለዚህ የግፊቱ ግብ ስንት ይሁን የሚለው ከሐኪማቸው ጋር በእሳቸው ሁኔታ የሚወሰን ነው።

አንድ ጥናት ብቻውን እንደማይበቃም በሰውነታችን ውስጥ የሚገኘው ታውሪን የተባለ ንጥረ ነገር ይመሰክራል። በ2023 የአይጦችን ዕድሜ ከ10 እስከ 12 በመቶ እንዳራዘመና በዕድሜ ከሰውነት እንደሚቀንስ ተጽፎለት ነበር፤ በ2025 በሰው፣ በጦጣና በአይጥ ላይ ለዓመታት የተሰበሰበ ደም ሲመረመር ታውሪን በዕድሜ አዘውትሮ እንደሚቀንስ አልታየም። ታውሪን አለበት እየተባለ ለአረጋውያን የኢነርጂ መጠጥ መግዛት ደግሞ ስኳሩንና ካፌይኑን ማጠጣት ነው።

ዜናው ምን ያስጥላል?

ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ይህ ነው፤ በሚሰጠው ተስፋ ተወስደን ስለምንረሳውም ደጋግሜ እላለሁ። አንድ ነገር ምንም የማያስጥል፣ ጉዳቱ ትንሽ፣ ጥቅሙም በሌላ መንገድ የታወቀ ከሆነ፣ ማስረጃው ሙሉ ባይሆንም መቀበል ይቻላል። ለምሳሌ በ2021 የወጣ የአሜሪካ ጥናት፣ የዓይን ሞራ ካለባቸው 3,038 አረጋውያን መካከል ሞራው በቀዶ ሕክምና የተነሳላቸው የመርሳት በሽታ የሚይዛቸው 30 በመቶ ያህል ባነሰ መጠን እንደነበረ አሳይቷል። ሰዎቹ በዕጣ አልተከፈሉም፤ እንዲያውም የመርሳት ምልክት የጀመራቸው ሰዎች ወደ ቀዶ ሕክምና ሳይሄዱ ቀርተው ይሆናል። ነገር ግን እናቱ ሞራ ያለባቸው ሰው ይህን ክርክር እስኪያልቅ የሚጠብቅበት ምክንያት የለውም፤ ለአእምሯቸው ባይጠቅም እንኳ የልጅ ልጆቻቸውን ፊት ያያሉ። በዓይን ሕክምናው የሚታወቀው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ከደሴ ሩቅ አይደለም። በአንጻሩ የታወቀውን የግፊት፣ የስኳር ወይም የደም ማቅጠኛ መድኃኒት የሚያስጥል ዜና፣ ወይም የቤቱን የወር አስቤዛ የሚበላ እንክብል፣ ማስረጃው ዐሥር እጥፍ ሊጠነክር ይገባዋል።

እስከዚያው ቤት ውስጥ የሚሠራው

በ2024 የወጣ የዓለም አቀፍ ባለሙያዎች ግምገማ፣ የመርሳት በሽታን ከሚያባብሱ ነገሮች ውስጥ 14ቱን ማስወገድ ቢቻል በዓለም ላይ ካለው በሽታ 45 በመቶ ያህሉን መከላከል ወይም ማዘግየት ይቻል እንደነበር ገምቷል፤ የመስማት ችግር፣ ግፊት፣ ስኳር፣ ሲጋራ፣ አለመንቀሳቀስ፣ ብቸኝነትና የተበከለ አየር ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ከሁሉ ለእኛ የሚቀርበው ግን በ2025 ውጤቱ የወጣው የቻይና ገጠር ሙከራ ይመስለኛል። በ326 መንደሮች 33,995 የግፊት ሕመምተኞች የተሳተፉበት ሲሆን፣ በግማሾቹ መንደሮች ስፔሻሊስት ሳይሆን የመንደሩ የጤና ባለሙያ ራሱ ርካሽ መድኃኒት እያዘዘና እየተከታተለ ግፊታቸውን ሲያወርድ፣ በአራት ዓመት ውስጥ የመርሳት በሽታ በ15 በመቶ ቀነሰ። አዲስ መድኃኒት አልነበረም፤ አክስቴ መደርደሪያ ላይ ተኝቶ የነበረው ዓይነት ክኒን ነው።

ስለዚህ ግፊትን በትክክል መለካት ይማሩ። ከመለካቱ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ቡና አይጠጣ፤ በእኛ ቤት ከአቦል እስከ በረካ ስለሚቆይ የሚመቸው ጠዋት፣ ቡናው ሳይቀርብና ክኒኑ ሳይዋጥ ነው። ሽንት ቤት ደርሰው ይመለሱ፣ ጀርባቸውን አስደግፈው፣ እግራቸውን ሳያጣምሩ መሬት አስረግጠው አምስት ደቂቃ ዝም ብለው ይቀመጡ፤ ክንዳቸው በጠረጴዛ ላይ፣ በልባቸው ትክክል ይረፍ። መጠቅለያው ጨርቅ በልብስ ላይ ሳይሆን በባዶ ክንድ ይታሰራል። በአንድ ደቂቃ ልዩነት ሁለቴ ይለካና ሁለቱም ከቀኑ ጋር በደብተር ይጻፋል። ቤት ውስጥ የሚለካው አዘውትሮ 135 በ85 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ከነደብተሩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው። ከ180 በ120 አልፎ የደረት ሕመም፣ የፊት መጣመም፣ የአንድ ወገን መዛል ወይም የንግግር መጎተት ከታየ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ያኔውኑ ድንገተኛ ክፍል ማድረስ ያስፈልጋል።

ስለ ጆሮ አንድ ቃል ልጨምር። በ2023 በአሜሪካ ከ70 እስከ 84 ዓመት የሆኑ 977 ሰዎች የተሳተፉበት ሙከራ፣ የመስሚያ መሣሪያ በሦስት ዓመት ውስጥ የአእምሮን መድከም ለሁሉም እንዳላዘገየ፣ አስቀድሞ አደጋቸው ከፍ ያለ ለነበሩት ግን በግማሽ ገደማ እንዳዘገየ አሳይቷል፤ ዜናው የሚያወራው ሁለተኛውን ብቻ ነው። ቢሆንም አባት ጆሯቸው ስለከዳቸው ከዕድሩና ከጎረቤት ቡና ከቀሩ፣ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ወስዶ ኩክ ዘግቶት እንደሆነ ማስመርመር ምንም አያስጥልም። በእንጨት ወይም በቁልፍ መቆርቆር ግን ታምቡሩን ሊበሳ ይችላል።

ለሐኪም ቀጠሮ ስትሄዱ ቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ፣ ከውጭ የተላከውን ጠርሙስ፣ ከገበያ የተገዛውን የባህል መድኃኒትና ዱቄት ሳይቀር በአንድ ፌስታል ይዛችሁ ሂዱ፤ በስም ከመንገር ማሳየት ይሻላል፣ አንዳንዱ ከግፊት ወይም ከደም ማቅጠኛ ክኒን ጋር የሚጋጭ ነውና። አክስቴም እንዲሁ አደረጉ፤ ጠርሙሱ ቀረ፣ ክኒኑ ቀጠለ፣ ከሁለት ወር በኋላ ግፊታቸው 136 በ82 ሆኖ ተጻፈ። ለልጃቸው ደውዬ የነገርኩት፣ ሊልክ ከፈለገ በክንድ ላይ የሚታሰር የግፊት መለኪያ እንዲልክላቸው ነው። እናንተም ባሕር ማዶ ላለ ወንድም ወይም እኅት ይህንኑ የምትጠይቁ ከሆነ፣ ጠባብ መጠቅለያ ግፊትን ከእውነተኛው አስበልጦ፣ ሰፊው ደግሞ አሳንሶ ስለሚያሳይ፣ የእናታችሁን የላይኛ ክንድ ዙሪያ በልብስ ሰፊ ሜትር ለክታችሁ ቁጥሩን በሴንቲሜትር አብራችሁ ላኩለት።